ቱርቦው ሲገፋ ጎማው ሲንሸራተት፦ ኮምፒውተሩ መካከል ላይ ምን ይሠራል?

ቱርቦ ያለው መኪና የነዳ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ነዳጅ ሲረገጥ መኪናው ለአፍታ ያመነታል፤ ከዚያ ጉልበቱ በአንድ ጊዜ ይመጣና ጀርባን ከወንበሩ ጋር ያጣብቃል። አስፋልቱ ደረቅ ከሆነ ችግር የለውም። ክረምቱ ገና ሲገባ፣ ለወራት የተጠራቀመው አቧራና የዘይት ጠብታ ከመጀመሪያው ዝናብ ጋር ሲለወስ ግን ያው ጉልበት ጎማውን ባለበት ያሽከረክረዋል። በፊት ጎማ የሚነዳው መኪና መሪው አልታዘዝ ይላል፤ በኋላ ጎማ የሚነዳው ደግሞ ኋላው ወደ ጎን ይሄዳል።

ይህ እንዳይሆን ሁለት የኤሌክትሮኒክስ ሥርዓቶች ይሠራሉ። አንዱ የቱርቦውን ግፊት ይቆጣጠራል፣ ሌላው የጎማውን መንሸራተት። ሰው ስለ ሁለቱ ሲያወራ አይገናኙም ብሎ ነው፤ ቱርቦው የጉልበት፣ ትራክሽን ኮንትሮሉ የደኅንነት ጉዳይ ተደርጎ ይወሰዳል። እውነቱ ግን ሁለቱ ቀኑን ሙሉ የሚነጋገሩ መሆናቸው ነው፤ የሚነጋገሩትም በአንድ ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ሐሰት ከሆነ ሁለቱም ይሳሳታሉ።

ግፊቱን የሚለቀው በር

ቱርቦ አሮጌ ሐሳብ ነው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሂ ፓተንት ያወጣበት እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ከሞተሩ ወጥቶ በማርሚታ በኩል ሊባክን የነበረው የጋለ ጭስ አንዲት ትንሽ ተርባይን ያሽከረክራል። በዚያው ዘንግ ሌላኛው ጫፍ ላይ ያለችው መጭመቂያ ደግሞ ከአየር ማጣሪያው የሚገባውን አየር ጨምቃ ወደ ሲሊንደሮቹ ትልካለች። አየር ሲበዛ ነዳጅ መጨመር ይቻላል፤ ነዳጅ ሲጨመር ጉልበት ይጨምራል። በትናንሽ መኪኖች ላይ ይህች ዘንግ በደቂቃ እስከ 200,000 ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትዞራለች።

ችግሩ ነገሩ ራሱን በራሱ የሚያባብስ መሆኑ ነው። ብዙ አየር ብዙ ጭስ ያመጣል፣ ብዙ ጭስ ተርባይኗን ያፈጥናል፣ የፈጠነች ተርባይን ደግሞ ሌላ ብዙ አየር ታስገባለች። የሚያቆመው ካላገኘ ወይ ቱርቦው ይበጣጠሳል ወይ ፒስተኑ ይበሳል። ስለዚህ ከተርባይኗ ጎን ዌስትጌት የሚባል ትንሽ በር አለ። በሩ ሲከፈት የጭሱ ከፊል ተርባይኗን ሳይነካ በጎን ያልፋል፤ ፍጥነቷም ይገታል።

ኮፈኑን ከፍቶ ቱርቦው አጠገብ ጎንበስ ብሎ ላየ ሰው ይህን በር የምታንቀሳቅሰው ጡጫ የምታክል ክብ የብረት ጣሳ ናት። ከጣሳዋ ቀጭን ዘንግ ወጥቶ የዌስትጌቱን ክንድ ይይዛል። ውስጧ በስስ ሽፋን ለሁለት የተከፈለ ነው፤ በአንዱ ወገን ሞላ አለ፣ በሌላው ወገን በቀጭን የጎማ ቱቦ የሚመጣው የቱርቦው የራሱ ግፊት። ግፊቱ ሞላውን ሲያሸንፍ ዘንጉ ይገፋል፣ በሩ ይከፈታል። ሞላው በ0.4 ባር የሚሸነፍ ከሆነ ቱርቦው ከ0.4 ባር ብዙም አያልፍም። ሞተሩ ይሙቅ ይቀዝቅዝ፣ ቤንዚኑ ጥሩ ይሁን መጥፎ፣ አንደኛ ማርሽ ላይ ይሁን አምስተኛ፣ ሞላው አያውቅም።

ኤሌክትሮኒክሱ የገባው በዚያች ቀጭን ቱቦ ላይ ነው። መካከሏ ላይ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የኤሌክትሪክ ቫልቭ ይገጠማል። ቫልቩ በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየተከፈተና እየተዘጋ ወደ ጣሳዋ ከሚሄደው ግፊት ከፊሉን ያስተነፍሰዋል። ጣሳዋ የሚደርሳት ግፊት ከእውነተኛው ያነሰ ስለሆነ በሩን ዘግታ ትቆያለች፤ የቱርቦው ግፊት ከሞላው አቅም አልፎ ወደ 0.8፣ ወደ 1 ባር ይወጣል። ኮምፒውተሩ ከአየር ማስገቢያው ላይ ያለውን የግፊት ሴንሰር እያነበበ፣ ካሰበው ካለፈ ቫልቩን ያሳርፋል፣ ካነሰ ያሠራዋል። በዚህ አሠራር የምወድለት ነገር ሲበላሽ የሚያሳየው ጠባይ ነው። የቫልቩ ሽቦ ቢበጠስ ሥርዓቱ ወደ ሞላው ዝቅተኛ ግፊት ይመለሳል፤ መኪናው ይደክማል እንጂ ሞተሩ አይጎዳም። በአዳዲሶቹ መኪኖች ጣሳዋ ቀርታ በሩን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ይከፍተዋል፤ መርሁ ግን አልተለወጠም።

ሳብ ያመጣው ለውጥ

ግፊት ዝም ብሎ የማይጨመርበት ዋናው ምክንያት በቤንዚን ሞተር ውስጥ ያለው መንኳኳት ነው። እሳቱ ከካንዴላው ተነስቶ በሲሊንደሩ ውስጥ ደረጃ በደረጃ መስፋፋት አለበት። ግፊትና ሙቀት ሲበዛ ግን እሳቱ ገና ያልደረሰበት ጥግ ላይ ያለው ድብልቅ በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። ከውጭ ብረት በብረት ሲመታ ይመስላል፤ ከቀጠለ ፒስተን ይበላል።

የመጀመሪያዎቹ የቱርቦ መኪና ሠሪዎች ከዚህ ለማምለጥ ብዙ ሞክረዋል። በ1962 የወጣው የአሜሪካው ኦልድስሞቢል ጄትፋየር የውኃና የአልኮል ድብልቅ ወደ ሞተሩ የሚረጭ ለብቻው የሚሞላ ማጠራቀሚያ ነበረው። ሌሎች የሞተሩን የመጭመቅ ምጣኔ፣ ማለትም ፒስተኑ ድብልቁን ስንት እጥፍ እንደሚጨምቀው የሚናገረውን ቁጥር፣ ዝቅ አደረጉ፤ ያ ደግሞ ቱርቦው ከመንፋቱ በፊት ሞተሩን ሰነፍ አደረገው። መጀመሪያ ያመነታል፣ ከዚያ በድንገት ይወረወራል የሚባለው የድሮ ቱርቦ ጠባይ አንዱ መነሻ ይኸው ነው።

የስዊድኑ መኪና ሠሪ ሳብ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያቀረበው መፍትሔ በእኔ እይታ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ እርምጃ ነው። በፔር ጊልብራንድ መሪነት የተሠራው ሥርዓት ኤፒሲ ይባላል። የሞተሩ ብሎክ ላይ መንኳኳትን የሚሰማ ሴንሰር ታሰረ፤ ከእሱ የሚመጣው ምልክት፣ የሞተሩ ፍጥነትና የአየር ማስገቢያው ግፊት አንድ ሳጥን ውስጥ ተገናኙ። ሳጥኑ ያችን የዌስትጌት ቫልቭ ያዛል። ሞተሩ መንኳኳት ሲጀምር ግፊቱ ወዲያው ዝቅ ይላል፤ ሲያቆም ቀስ ብሎ መልሶ ይወጣል። እንግዲህ መሐንዲሱ ለመጥፎው ቤንዚንና ለሞቃቱ ቀን ብሎ ግፊቱን አስቀድሞ መቀነስ አያስፈልገውም፤ ሞተሩ ራሱ እስከ ዳር ሄዶ ይመለሳል። ሳብ በዚህ ምክንያት 900 ቱርቦ የተባለውን መኪናውን የመጭመቅ ምጣኔ ከ7.2 ወደ 8.5 ማሳደግ ቻለ። ሞተሩ ያለ ቱርቦ ግፊትም ነፍስ ዘራ፣ የነዳጅ ፍጆታውም ተሻሻለ። ዛሬ በሁሉም የቤንዚን ቱርቦ መኪና ላይ ማለት ይቻላል መንኳኳትን የሚሰማ ሴንሰር አለ።

ከጅቡቲ እስከ ጣርማ በር

ለእኛ አገር ነጂ ከሁሉ የሚቀርበው ጉዳይ ከፍታ ነው። በባሕር ወለል ላይ፣ ጅቡቲ ወደብ አጠገብ፣ የአየሩ ግፊት 101 ኪሎፓስካል ገደማ፣ ማለትም አንድ ባር ያህል ነው። አዲስ አበባ ላይ ወደ 76 ይወርዳል። ሦስት ሺህ ሜትርን በሚያልፈው ጣርማ በር ደግሞ ከ70 በታች ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ ከሚተነፍሰው አየር ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ቱርቦ ይህን ማካካስ ይችላል፤ ይችላል ማለት ግን ሁልጊዜ ያደርገዋል ማለት አይደለም። በሞላ ብቻ የሚሠራው የድሮው ዌስትጌት የሚለካው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። ሞላው 60 ኪሎፓስካል ላይ ከተስተካከለ ጅቡቲ ላይ ሞተሩ 161 ያገኛል፣ አዲስ አበባ ላይ 136። በኮምፒውተር የሚመራው ግን ከባዶ ጀምሮ ያለውን ሙሉ ግፊት ስለሚያነብ ሁለቱም ቦታ 161 ለማድረስ ይሞክራል።

ይህ በነፃ አይገኝም። ጅቡቲ ላይ 180 ኪሎፓስካል ለማድረስ ቱርቦው አየሩን 1.78 ጊዜ ማጠፍ ይበቃዋል፤ አዲስ አበባ ላይ 2.37 ጊዜ ማጠፍ አለበት። ዘንጓ የበለጠ ትፈጥናለች፣ የሚወጣው አየር የበለጠ ይግላል፣ ግፊቱ እስኪደርስም ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የውጭውን አየር ግፊት ለብቻው እየለካ፣ ከፍታው ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ራሱ ግፊቱን ይቀንሳል። ዳገት ላይ መኪናው ደከመ ብሎ ወደ ጋራዥ የሚሮጥ ሰው አንዳንዴ ያየው ብልሽት ሳይሆን ቱርቦው ራሱን ሲያድን ነው። ለዚህም ነው ቆላ ላይ የተሞከረ የግፊት ማስተካከያ ደጋ ላይ እንዳለ መጫን አደገኛ የሚሆነው፤ በወረቀት ላይ ያው ግፊት ነው፣ ዘንጓ ግን ከአቅሟ በላይ ትሮጣለች።

ጎማው ምን ያህል ይሸከማል?

አሁን ወደ ጎማው እንውረድ። ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር ቢኖር ጎማ ጭራሽ ሳይንሸራተት ጉልበት ማስተላለፍ አለመቻሉ ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ ጎማ ከሁሉ የበለጠ የሚይዘው መኪናው ከሚሄድበት ፍጥነት ከ10 እስከ 20 በመቶ ገደማ ፈጠን ብሎ ሲዞር ነው። ከዚያ ካለፈ መያዙ ይቀንሳል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ወደ ጎን የመያዝ አቅሙ ነው፤ ባለበት የሚሽከረከር ጎማ መኪናውን ወደ ፊት ካለመግፋቱም በላይ መታጠፊያ ላይ መስመሩን አያስይዝም።

ቁጥሩን እንየው። 250 ኒውተን ሜትር ቶርክ፣ ማለትም የማሽከርከር ኃይል፣ የሚሰጥ ሞተር እንውሰድ። በአንደኛ ማርሽ ከካምቢዮው እስከ ጎማው ድረስ 14 ጊዜ ቢባዛ ጎማዎቹ ላይ 3,500 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። የጎማው ራዲየስ 30 ሳንቲ ሜትር ነው ብንል መሬቱን የሚገፋው ኃይል ከ11,000 ኒውተን በላይ ነው። በፊት ጎማዎቹ ላይ ያረፈው ክብደት 800 ኪሎ ቢሆን፣ እርጥብ አስፋልት ከዚህ መሸከም የሚችለው በግማሹ፣ ወደ 3,900 ኒውተን ገደማ ነው። ሞተሩ ካመጣው ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ለጎማ መፍጫ ብቻ ይሆናል። በአምስተኛ ማርሽ ያው ሞተር ያለምንም ችግር ይሄዳል፤ ብዜቱ ሦስት አካባቢ ስለሆነ። ብዙ መኪና ሠሪዎች በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ የቱርቦውን ግፊት አስቀድመው የሚገድቡት በዚህ ምክንያት ነው።

ትራክሽን ኮንትሮል ዓይኑን ያገኘው ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ ከሚከላከለው ከኤቢኤስ ነው። የጀርመኑ ኩባንያ ቦሽ የሠራው ኤቢኤስ በ1978 በመርሴዲስ ኤስ ክላስ ላይ ሲወጣ የጎማን ፍጥነት የሚለካ ሴንሰር መጣ፤ በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ያው ሴንሰር ፍሬን ሲያዝ ብቻ ሳይሆን ነዳጅ ሲረገጥም እንዲያገለግል ተደረገ። አሠራሩ ግልጽ ነው። የሚነዳው ጎማ ከማይነዳው በልጦ ከፈጠነ ተንሸራቷል ማለት ነው። አንድ ጎማ ብቻ ከሆነ ኮምፒውተሩ የእሱን ፍሬን ለብቻው ይይዛል፤ ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻልም ወደሚይዘው ጎማ እንዲያሳልፍ ይገደዳል። ሁለቱም ከሆኑ ግን ፍሬን አይበቃም፤ ሞተሩ ራሱ መቀነስ አለበት። ቱርቦው ላይ ያለው ፈተና የሚጀምረው እዚህ ነው።

ፈጣኑ እሳት፣ ዘገምተኛው ግፊት

የትራክሽን ኮምፒውተሩ ለሞተሩ ኮምፒውተር የሚልከው መልእክት «ቱርቦውን ቀንስ» የሚል አይደለም። «ከ120 ኒውተን ሜትር እንዳታልፍ» ነው የሚለው። ቦሽ በ1990ዎቹ መጨረሻ ባወጣው ሞትሮኒክ ኤምኢ7 በተባለው ሥርዓት ሁሉም ጥያቄ፣ ከነጂው እግር የሚመጣውም፣ ከካምቢዮ የሚመጣውም፣ ከጎማ የሚመጣውም፣ ወደ ኒውተን ሜትር ተለውጦ አንድ ቦታ ይመዘናል። እንዴት እንደሚቀነስ መወሰን የሞተሩ ኮምፒውተር ፈንታ ነው። በእጁ ሦስት መንገድ አለው፤ የሦስቱ ፍጥነት ግን አይገናኝም።

ፈጣኑ የካንዴላው እሳት ነው። በደቂቃ 3,000 ዙር በሚዞር ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ውስጥ በሰከንድ መቶ ጊዜ እሳት ይነሳል፤ በአንድ መቶኛ ሰከንድ አንድ። ስለዚህ እሳቱን ጥቂት ማዘግየት ቶርኩን ወዲያውኑ ይጥለዋል። ሁለተኛው ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚመጥነው የአየር በር ነው፤ ለመዘጋት አንድ አሥረኛ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፣ ከኋላው የተከማቸው አየር ደግሞ እስኪያልቅ ይቆያል። ሦስተኛው የቱርቦው ግፊት ራሱ ነው፤ እሱ እንደ እንጀራ ምጣድ ነው፣ ማብሪያ ማጥፊያው ቢጠፋም ሙቀቱ ለጊዜው አይለቅም። ዘንጓ በምትዞርበት ፍጥነት ላይ ሆና ወዲያው አትቆምም።

እዚህ ላይ መሐንዲሶችን ያስቸገረ አንድ ተቃርኖ አለ። እሳቱ ሲዘገይ ነዳጁ ዘግይቶ ይቃጠላል፤ ፒስተኑን ያልገፋው ሙቀት በጭሱ ይወጣል። የጋለ ጭስ ደግሞ ተርባይኗን ያፈጥናታል። ቶርክ ለመቀነስ የተወሰደው እርምጃ ቱርቦውን ይመግበዋል ማለት ነው! ኮምፒውተሩ በእሳት ብቻ ቢተማመን ጎማው መያዝ ሲጀምርና እሳቱ ወደ ቦታው ሲመለስ ያልተነካው ግፊት በሙሉ ኃይሉ ይመጣና ጎማውን እንደገና ያንሸራትተዋል። ከዚህም ሌላ ረጅም ጊዜ የዘገየ እሳት የጭስ ማጣሪያውን ያቃጥላል።

ስለዚህ ጥሩ ሥርዓት ሦስቱን በአንድ ጊዜ ያዛል። አንድ ሰው በዝናብ ከመብራት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ዳገት ሲወጣ ጎማው ሸርተት ቢልበት የሚሆነው እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶኛ ሰከንዶች እሳቱ ይዘገያል። እሱ ጊዜ እስኪገዛ የአየር በሩ ጠበብ ይላል፤ በሩ ድንገት ሲጠብ መውጫ ያጣው አየር ወደ መጭመቂያዋ ተመልሶ እንዳይመታት ማስተንፈሻው ቫልቭ ይከፈታል። በዚያው ቅጽበት የዌስትጌቱ በር ይከፈትና ቱርቦው መውረድ ይጀምራል። ጎማው መያዝ ሲጀምር ግፊቱ አስቀድሞ በዝግታ ይገነባል፣ ጥቃቅኑን ልዩነት እሳቱ እያስተካከለ ይከተላል። ነጂው የሚያየው ነገር ዳሽቦርዱ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቢጫ መብራት ብቻ ነው። ብልጭ ድርግም ካለች ትራክሽን ኮንትሮሉ እየሠራ ነው፤ ሳትጠፋ ከቆየች ግን ወይ ሥርዓቱ ተዘግቷል ወይ ብልሽት አለ።

ይህ ሁሉ ሳይኖር ምን ይመስል እንደነበር ፎርሙላ አንድ ያሳያል። ሬኖ በ1977 ሲልቨርስቶን ላይ የመጀመሪያውን ቱርቦ አቀረበ፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ከአንድ ሊትር ተኩል ሞተር ከ1,000 ፈረስ ጉልበት በላይ ይወጣ ነበር። የግፊቱ መጠን በሹፌሩ አጠገብ ባለ ቁልፍ ይስተካከላል፤ ጎማውን የሚጠብቀው ግን የሹፌሩ ቀኝ እግር ብቻ ነበር።

በናፍጣ ሞተር ነገሩ ይቀላል። ካንዴላ ስለሌለ ቶርክ የሚወሰነው በሚረጨው ነዳጅ ነው፤ ኮምፒውተሩ ቀጣዩን ርጭት ከቀነሰ ጉልበቱ ወዲያው ይወርዳል። የብዙ ፒክአፖች ችግር ሌላ ነው፤ በዌስትጌት ፋንታ ወደ ተርባይኗ የሚሄደውን ጭስ የሚመጥኑት የቱርቦው ተንቀሳቃሽ ክንፎች በጥላሸት ይያዛሉ፣ የታዘዘው ግፊትና የደረሰው ግፊት አይገጥሙም፣ ኮምፒውተሩም ጉልበቱን ቆርጦ ያስቀምጣል። ያኔ የሚያስፈልገው ቱርቦ መቀየር ሳይሆን ብዙ ጊዜ ክንፎቹን ማጽዳት ነው።

ቁጥሩ ሲዋሽ

እንግዲህ ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው ሞተሩ «አሁን የምሰጠው ይህን ያህል ኒውተን ሜትር ነው» በሚለው ቃሉ ላይ ነው። ቶርክን በቀጥታ የሚለካ ሴንሰር በተራ መኪና ላይ የለም። ኮምፒውተሩ ከአየሩ ግፊት፣ ከሙቀቱ፣ ከእሳቱ ሰዓትና ከነዳጁ መጠን ያሰላዋል።

ጉልበት ለመጨመር ተብሎ የሚገጠመው ርካሽ ሳጥን የሚነካው በትክክል ይህን ስሌት ነው። ከግፊት ሴንሰሩ የሚመጣውን ምልክት ዝቅ አድርጎ ያሳልፋል፤ ኮምፒውተሩ ግፊት ያነሰ መስሎት ይጨምራል። መኪናው በእርግጥ ይጠነክራል። ነገር ግን ሞተሩ 120 ሰጠሁ ሲል በእውነት 150 እየሰጠ ሊሆን ይችላል። የትራክሽን ኮምፒውተሩ ያዘዘው ተፈጸመ ብሎ ያምናል፤ ጎማው ግን አሁንም ይንሸራተታል። ስህተቱን አይቶ እንደገና ያዛል፣ እንደገና ያንሳል፤ የሚባክነው ጊዜ መታጠፊያ ላይ መኪናውን ከመስመር ሊያወጣው ይችላል። በዌስትጌቱ ቱቦ ላይ በእጅ የሚጠመዘዝ ማስተንፈሻ መግጠምም አያዋጣም፤ እዚያ ሴንሰሩ እውነቱን ይናገራል፣ ኮምፒውተሩ ግን መገደቢያውን ስለተነጠቀ የቀረው አማራጭ ሞተሩን ማፈን ብቻ ነው።

ጎማም ቁጥር ያዛባል። አንድ ጎማ ፈንድቶ በሌላ ልክ ከተተካ ትንሹ ጎማ ሁልጊዜ በፍጥነት ይዞራል፤ ሥርዓቱ ይህን መንሸራተት ነው ብሎ ሊወስደው ይችላል። በአንድ አክስል ላይ ያሉት ጎማዎች ልካቸውና የመርገጫቸው ጥልቀት ቢቀራረብ ይመረጣል። ጭቃ ውስጥ ለተቀረቀረ መኪና ግን ትራክሽን ኮንትሮሉን ለጊዜው ማጥፋት ተገቢ ነው፤ እዚያ ጎማው ትንሽ መሽከርከር ስላለበት። ከወጡ በኋላ መልሶ ማብራት ነው።

በኮምፒውተሩ በኩል ጉልበት መጨመር በራሱ ክልክል አይደለም፤ በሥርዓቱ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ። ለባለሙያው የሚቀርበው ጥያቄ «ስንት ፈረስ ጉልበት ይጨምርልኛል?» ብቻ ከሆነ ግን ይጎድላል። የቶርክ ስሌቱ ሠንጠረዥ ከአዲሱ ግፊት ጋር አብሮ ተስተካክሏል ወይ? በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ የነበረው ገደብ እንዳለ ነው ወይስ ተነስቷል? ግፊቱስ በአዲስ አበባ ከፍታ፣ በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ ተሞክሯል? ለሦስቱ ግልጽ መልስ የሌለው ሰው መኪናውን ባይነካው ይሻላል።